አንድ እንስሳ፥ ብዙ ስም



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ተማሪ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። «የባሌው ደጋ አጋዘን ቀንዱን የሚጥለው በየትኛው ወር ነው?» አለኝ። ደጋ አጋዘን ቀንዱን ከቶ አይጥልም። ተማሪውን ያሳሳትሁት ግን እኔው ነበርሁ፤ ስለ ሰሜን አገሮች አራዊት በተረጐምሁት ጽሑፍ ውስጥ ሙስ የተባለውን እንስሳ «አጋዘን» ብዬው ነበርና።

ሙስ በሰሜን አሜሪካ፥ በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ደኖች ይኖራል፤ ሰርቪዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ በግዝፈት የሚወዳደረው የለም። የወንዱ ቀንድ ዐጥንት ሲሆን በየዓመቱ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። የእኛ አጋዘን ግን ከላምና ከፍየል ጋር ቦቪዴ ከተባለው ቤተሰብ ይመደባል፤ የዐጥንት እምብርት ያለው ቀንዱ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል።

እንዲህ ያለው መምታታት የእኛ ብቻ አይደለም። ይህንኑ እንስሳ እንግሊዞች ኤልክ፥ ጀርመኖች ኤልኽ ይሉታል። ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገሩት እንግሊዞች ግን ኤልክ የሚለውን ስም ለሌላ እንስሳ፥ ለዋፒቲ ሰጡት፤ ይህን ደግሞ ከአገሩ ተወላጆች፥ ከአልጎንኪያን ቋንቋዎች በወሰዱት ቃል ሙስ አሉት። ስለዚህ ኤልክ ሲባል በለንደንና በኒው ዮርክ የሚታሰበው እንስሳ አንድ አይደለም።

እንግዲህ ሳይንሳዊ ስም ያስፈለገው ለዚህ ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ሰርቨስ አልሴስ ብሎ ሰየመው፤ ኋላም ከሌሎቹ ተለይቶ አልሴስ አልሴስ ተባለ። አንዳንድ ሊቃውንት የአሜሪካውን ለይተው አልሴስ አሜሪካነስ ይሉታል። ሳይንሳዊ ስምም ይለወጣል ማለት ነው፤ ነገር ግን የሚለወጠው በደንብ ነው፥ የለውጡም ታሪክ ተመዝግቦ ይቆያል።

ስለዚህ የማሳስበው ይህን ነው፤ በአገራችን የሌለውን እንስሳ በአገራችን እንስሳ ስም አንጥራ። ሙስን «ሙስ» ብለን፥ ሳይንሳዊ ስሙን አስከትለን፥ መልኩንና ጠባዩን በጠራ አማርኛ እንግለጽ። እንግዳን በገዛ ስሙ መጥራት አክብሮት ነው፤ የቤት ልጅንም ስሙን ከመቀማት ያድናል።

እኔም ያን ገጽ አርሜአለሁ፤ ተማሪውንም አመስግኜዋለሁ።