እንግዳ ተቀባዩም ሸክም አለበት
(በወሎ ሰፈርና በአካባቢው ለሚገኙ የሰበካ ጉባኤያት አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ እናስባለን። ስለ ረኃባቸውና ስለ ጥማቸው እንዘምራለን፤ ቤቱን ስለ ከፈተላቸው፣ ውኃውን ስለ ተካፈላቸው ግብፃዊ ግን እምብዛም አንናገርም። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ባለቤት ነው።

ስደተኛ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጋምቤላን ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307,000 ገደማ ነበር፤ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ወዲህ ያስጠለላቸው ስደተኞች ከዚሁ ቁጥር ጋር የሚስተካከሉ ሆነዋል። ዱሩ ሲመነምን ቀድማ የምትጎዳው የአገሬው ሴት ናት፤ ለማገዶ የምትሄደው መንገድ ይረዝምባታል። በኢታንግ ግን ውኃ በቦቴ ለመጠለያዎቹ ማመላለስ ቀርቶ መጠለያዎቹንና ከተማዋን በአንድነት የሚያጠጣ የቧንቧ መስመር ተዘርግቷል። አንድ ቧንቧ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

የእኛ ሰፈር ነገር ይለያል፤ እዚህ ድንኳን የለም። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች ከመጠለያ ውጭ እንዲኖሩ ተፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የሽመልባና የሕፃጽ መጠለያዎች በጦርነቱ ወደሙ። ብዙዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ክፍል ቤት ተከራይተዋል። በቦሌ ሚካኤልም ሶማሌዎች መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ከውጭ ዘመድ ገንዘብ የሚልክለት የተሻለ ይከፍላል፤ አራት አምስት ሆነው ኪራይ የሚጋሩም አሉ። አከራዩ ወደሚከፍለው ሲያደላ በቀን ሥራ የሚኖረው ምእመናችን ዕቃውን ይሸክፋል። ይህ ሰው ቢያጉረመርም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቁጣውን በስብከት ብቻ ማብረድ አይቻልም። የቦሌ ኪራይ የናረው በስደተኛ ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ የነባር ሰፈሮች መፍረስም የኑሮ ውድነትም አለበት። ገንዘብ የማይላክለት ስደተኛ ደግሞ ከአገሬው ድሀ እኩል ከቤት ይወጣል።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ይህን በዐውደ ምሕረት ለመናገር ለምን እንፈራለን? አከራዮቹ እኮ ከፊታችን ቆመው የሚያስቀድሱ ናቸው!

ስለ በጎ አድራጎት ክፍላችን፦ አንዱ መዝገብ ለሰፈሩ ድሆች፣ ሌላው ለስደተኞች መሆኑን አልደግፍም። ለስደተኛ ብቻ ዱቄት ሲታደል ከበሩ ውጭ የቆመችው መበለት የምታየው ምጽዋትን ሳይሆን አድልዎን ነው። መዝገቡ አንድ ይሁን፤ የሚጠየቀውም ችግሩ እንጂ መታወቂያው አይሁን።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የቀብር ጉዳይ ነው። ስደተኛው ቤት እየቀያየረ ስለሚኖር እድር አይገባም። ሲሞት ካህኑ ፍትሐቱን ያደርሳል፤ ሣጥኑን የሚገዛ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝን ግን ይጠፋል። ልብ በሉ፣ በየዓመቱ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዞረው አገሬው ተከራይም እድር የለውም። ስለዚህ ሁለቱም በአንድነት አነስተኛ ወርኃዊ መዋጮ የሚያደርጉበት የተከራዮች እድር በየሰበካው እንዲቋቋም አሳብ አቀርባለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ከየሰበካችሁ ሁለት የእድር ዳኞች ይዛችሁ ብትመጡ፣ የመተዳደሪያ ደንቡን ረቂቅ አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።