የሰውነታችን ልጓም
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ሰውነታችን ከበሽታ ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ጠላቱን በምን መንገድ እንደሚገድል ነው። ዛሬ ሥራውን በአጭሩ ላወሳላችሁ የተነሣሁት ሊቅ ግን ጥያቄውን ገልብጦ፣ መግደል የጀመረውን ሠራዊት የሚያቆመው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ይህ ሰው በቤቴስዳ በሚገኘው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም፣ ኋላም በቦስተን በኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሚኻይል ሲትኮቭስኪ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የነገሩ ቁልፍ አዴኖሲን ነው። አዴኖሲን ለሊቃውንት እንግዳ አልነበረም፤ ድሩሪና ሴንት ጂዮርጂ በ1929 የልብን ምት እንደሚያዘገይ ጽፈዋል። በሕዋሳችን ውስጥ የኃይል ስንቅ የሆነው ኤ.ቲ.ፒ. አንድ የአካል ክፍል ሲቆስል ወይም ኦክሲጅን ሲያጥረው ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ በዚያም ኢንዛይሞች ቈራርጠው አዴኖሲን ያደርጉታል። አዴኖሲንም በተዋጊዎቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ካለው ኤ-2-ኤ ከሚባለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ. ይበዛል፤ የመዋጋት ኃይሉም ይበርዳል። እንግዲህ የተጎዳው አካል ራሱ «በቃችሁ» የሚልበት መንገድ አለው ማለት ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ ሲትኮቭስኪና የሥራ ባልደረባው አኪኦ ኦታ በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት አስረዱ። ጉበትን የሚያስቈጣ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ለአይጦች ሰጡ። ተቀባዩ ያላቸው አይጦች የደረሰባቸው ጉዳት እምብዛም ሲሆን፣ ተቀባዩ የጎደላቸው ግን ጉበታቸው ክፉኛ ተጎዳ። ልጓሙ የጠፋበት ፈረስ የገዛ ጌታውን ረገጠ ማለት ነው። በ2005 ደግሞ ሳንባቸው በተቈጣ አይጦች ላይ ንጹሕ ኦክሲጅን ጉዳቱን እንደሚያብስ ተገኘ፤ የኦክሲጅን እጥረት ሲቀር አዴኖሲንም ይቀንሳልና። ልጓሙን የሚተካ መድኃኒት በሳንባቸው ሲጨመርላቸው ግን ተጠበቁ። ይህን ስል ኦክሲጅን የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ይከልከል ማለቴ አይደለም፤ የምንሰጠው ሁሉ ምን እንደሚወስድ እንወቅ ማለቴ ነው።

ታዲያ ይኸው ጠባቂ ጠላትንም ሊጠብቅ ይችላል። የካንሰር ዕጢ ውስጡ ኦክሲጅን ያጠረው ስለ ሆነ አዴኖሲን ይከማችበታል፤ ሊያጠፉት የመጡትም ሕዋሳት በሩ ላይ ይደነዝዛሉ። በ2006 በወጣው ጥናት ተቀባዩ ከሌላቸው አይጦች 60 በመቶ ያህሉ ያደገውን ዕጢ አስወገዱ፤ ተቀባዩ ካላቸው ግን አንድም ያስወገደ አልተገኘም። በ2015 ደግሞ 60 በመቶ ኦክሲጅን ያለበትን አየር የተነፈሱ አይጦች ዕጢያቸው እንደ ቀነሰ ታየ፤ ተዋጊ ሕዋሳት በሌሉበት ግን ኦክሲጅኑ ብቻውን አልጠቀመም።

ለእኛ ለቡና ጠጪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ካፌይን እንቅልፍን የሚያባርረው የአዴኖሲንን ተቀባዮች በመዝጋት ነው፤ በ2006ቱ ሙከራም ዕጢን ለመግታት ካገዙት ንጥረ ነገሮች አንዱ ካፌይን ነበር። ነገር ግን በአይጥ የታየውን ይዞ ቡናን የካንሰር መድኃኒት ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ለ68 የኩላሊት ካንሰር ሕመምተኞች ተሰጥቶ ውጤቱ በ2020 ሲወጣ፣ ዕጢያቸው በሚገባ የቀነሰላቸው ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። መንገዱ ተከፈተ እንጂ አልተጨረሰም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ሰው ሥራ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፣ አንድን ጥያቄ ይዞ ከጉበት ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ዕጢ ሳይሰለቹ መከተል ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ልጓሙን የሚፈታ መድኃኒት ዕጢውን ሲያጋልጥ ጤነኛውንም አካል ሊያጋልጥ ይችላል። ከመካከላችን ነገ ሐኪም ወይም ተመራማሪ የሚሆን ሰው ልጓሙን ከመፍታቱ በፊት ማንን ሲጠብቅ እንደ ኖረ ይጠይቅ።