የተጎታች ቤታችንን መብራት በገዛ እጃችን

በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጥገና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር



ሰብሳቢያችን የሰጡን ርእስ አጭር ነው፤ ትሬይለሩ ላይ ምን ሠራችሁ፣ ለምን ሠራችሁ፣ እኛስ ምን እንማር የሚል ነው። «ስለ ባትሪና ስለ ሶላር ማውራት የወንዶች ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ካለ እስክንጨርስ ይታገሠን። ሊጡ መቼ እንደኮመጠጠ፣ ምጣዱ መቼ እንደጋለ በዓይናችን የምንለይ ሰዎች ቮልት ማንበብ አያቅተንም።

እንደምታውቁት ተጎታች ቤቱን የያዝነው ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ለሚውሉ አባሎቻችን ነው። ሆቴል የምታጸዳ፣ አረጋውያን የምትንከባከብ፣ ፓርኪንግ የምትሠራ እናት ልጆቿን ይዛ ሁለት ሦስት ሌሊት ሸናንዶዋ ተራራ ላይ እንድታርፍበት ነው። መብራት የተዘረጋለት የካምፕ ቦታ ግን ዋጋው ከፍ ይላል፣ ቅዳሜና እሁድም ቀድሞ ይያዛል። ሶኬት የሌለው ቦታ ርካሽ ነው፤ እዚያ ለማደር ግን መብራቱን ራሳችን ይዘን መሄድ አለብን።

ነገሩ የምቾት ብቻ ቢሆን ፋኖስ ይበቃን ነበር። ከእናቶቻችን መካከል ግን ሌሊት በመተንፈሻ መሣሪያ የሚተኙ አሉ። በጥቅምት ብርድ ሕፃን ይዘው የሚሄዱም አሉ፤ ማሞቂያው ጋዝ ቢያቃጥልም ሙቀቱን የሚነፋው ማራገቢያ የሚዞረው በባትሪ ነው። ባትሪው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ካለቀ መሣሪያውም ማሞቂያውም ይቆማሉ። ጄኔሬተር ይዘን እንሂድ እንዳንል ብዙ የካምፕ ቦታዎች ሌሊት ማስነሳት ይከለክላሉ። ከጢሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ለዚህ ነው ነገሩን የሕይወት ጉዳይ አድርገን የያዝነው።

ለሥራው ባለሙያ ሱቅ ጠይቀን ነበር። የሠራተኛ ክፍያው ብቻ ከሁለት ባትሪ ዋጋ በላይ ሆነ። ከዋጋው ይልቅ ያሳሰበን ሌላ ነው፤ ተራራ ላይ፣ በሌሊት፣ አንድ ፊውዝ ቢቃጠል ማን ይለውጠዋል? በገዛ እጇ ያልሠራች ሰው የት እንዳለ እንኳ አታውቅም። ስለዚህ ራሳችን እንሥራው አልን።

መጀመሪያ ቆጠርን

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆንብን ምንም ከመግዛታችን በፊት በቀን ስንት እንደምንፈጅ ጻፍን። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ዕቃ የሚወስደው ዋት በሚሠራበት ሰዓት ሲባዛ ዋት-ሰዓት ይሰጠናል።

የመተንፈሻ መሣሪያው 40 ዋት ገደማ ነው፤ በ8 ሰዓት 320 ይሆናል። የማሞቂያው ማራገቢያ 85 ዋት ነው፤ በብርድ ሌሊት እየበራ እየጠፋ በድምሩ 4 ሰዓት ቢሠራ 340 ነው። ስድስት ስልክ መሙላት 90፣ የውሃ ፓምፑ 20። የጋዝና የጢስ ጠቋሚዎቹ፣ በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ መቆጣጠሪያ፣ ሌሎችም የማይተኙ ትናንሽ ነገሮች በድምሩ 12 ዋት ያህል ይወስዳሉ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 24 ሰዓት ስለማያርፉ 288 ይደርሳሉ።

የቀረው አምፖል ነው። ስድስቱ የድሮ አምፖሎች እያንዳንዳቸው 18 ዋት ይበላሉ። በምሽት 5 ሰዓት ቢበሩ 540 ዋት-ሰዓት ነው። በ3 ዋት ኤልኢዲ ስንለውጣቸው 90 ብቻ ሆነ። ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ ቀላሉ ሥራ ይህ ነበር፤ ካቻቢቴ እንኳ አልፈለገም። እቤታችሁ ትሬይለር ያላችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ድምሩ 1,150 ገደማ መጣ። በመንገድ ለሚባክነው ጨመር አድርገን 1,300 አልን።

ባትሪው

የነበረን አንድ የእርሳስና አሲድ ባትሪ 80 አምፔር-ሰዓት የሚል ተጽፎበታል። በ12 ቮልት ሲባዛ 960 ዋት-ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ በእርግጥ የነበረን 480 ነው። ከፍላጎታችን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የገዛነው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ዓይነት ነው። ሁለት ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪዎች አንድ ላይ 2,560 ዋት-ሰዓት ይይዛሉ። አራት አምስተኛውን ብንጠቀም 2,000 እናገኛለን፤ ፀሐይ ጭራሽ ባትወጣ እንኳ ለአንድ ቀን ተኩል ይበቃል። ክብደቱ የእርሳሱ ግማሽ ያህል ስለሆነ አንዷ እህት ብቻዋን ታነሳዋለች። የእርሳሱ ባትሪ ጥቂት መቶ ጊዜ ሞልቶ ሲያልቅ የሚያረጅ ሲሆን፣ ይህኛው ሺዎች ጊዜ ይመላለሳል። ሲገዛ ውድ ነው፤ በዓመት ሲከፋፈል ግን ይረክሳል።

ሁለቱን ስናገናኝ ሦስት ነገር ጠበቅን። አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ እንዲሆኑ፣ ከመገናኘታቸው በፊት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሙሉ እንዲሞሉ፣ የፖዘቲቩ ገመድ ከአንደኛው የኔጌቲቩ ከሌላኛው እንዲወጣ። ይህ የመጨረሻው ሸክሙን እኩል እንዲካፈሉ ያደርጋል።

የሊቲየም ትልቁ ድካም ብርድ ነው። ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ መሙላት ባትሪውን ይጎዳዋል። ስለዚህ ከውጭ ከመጎተቻው ላይ አንስተን አልጋው ሥር አስገባነው። ብርዱን ለይቶ መሙላቱን የሚያቆም መቆጣጠሪያ በውስጡ ያለውንም መርጠን ገዛን። ክብደት ከፊት ወደ ውስጥ ሲዛወር በመኪናው ማያያዣ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል። ይህ ክብደት ከትሬይለሩ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን ስላለበት ድጋሚ አስመዘንነው።

የሚሞላው በሦስት በር ነው

የመጀመሪያው ሶኬት ነው። የድሮው ቻርጀር ለእርሳስ ባትሪ የተሠራ በመሆኑ ሊቲየሙን እስከ አፉ አይሞላውም። ሊቲየም ወደ 14.4 ቮልት ይፈልጋል፤ እሱን የሚሰጥ ቻርጀር ቀየርን። የ120 ቮልቱን መስመር ግን አልነካንም፤ እሱን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን አገናኘልን። ይህንን ድንበር እናንተም ጠብቁ።

ሁለተኛው መኪናው ነው። ሊቲየም ያገኘውን ሁሉ ስለሚስብ የመኪናውን ጄኔሬተር ሊያግለው ይችላል። በመካከል ልኩን ጠብቆ የሚያሳልፍ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር አስገባን።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ባለ 200 ዋት ሁለት ፓነል ጣሪያው ላይ አሰርን። 400 ዋት ማለት ቀኑን ሙሉ 400 ማለት አይደለም። በሙቀቱ ወራት ጠፍጣፋ የተኛ ፓነል የ4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ቢያገኝ፣ ከዚያ ላይ ሙቀትና አቧራ የሚወስደው ሲቀነስ፣ 1,100 ዋት-ሰዓት አካባቢ ይሰጣል። የቀን ወጪያችንን ሊሸፍን ምንም አይቀረውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ከዚያ በጣም ይወርዳል። ከዛፍ ጥላ ሥር ያቆመችውማ ፓነል የላትም ብላችሁ ቁጠሩት፤ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ብዙ ይቀንሳል።

በፓነሉና በባትሪው መካከል ኤምፒፒቲ የሚባል ቻርጅ ኮንትሮለር አለ። ስትገዙ የቮልቱን ጣሪያ ተመልከቱ። የእኛ ፓነሎች ሲቀጣጠሉ 48 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ፤ ብርድ ሲሆን የፓነል ቮልት ከተጻፈው በላይ ይወጣል። ስለዚህ እስከ 100 የሚችለውን ወሰድን። ሲገናኝ ባትሪው ይቀድማል፣ ፓነሉ ይከተላል፤ ሲፈታ ፓነሉ ይቀድማል።

ጣሪያውን በትራፓኖ ስንበሳ አውታሩ የት እንዳለ ፈልገን ነው። እያንዳንዱን ቡሎን በጣሪያ ማሸጊያ ሸፈንነው፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ገብታ እንጨቱን ካበሰበሰች ከመብራቱ የበለጠ ወጪ ይከተላል።

እሳት እንዳይነሳ

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን። 12 ቮልት ሰውን አያንዘፈዝፍም፤ ስለዚህ ሰው ይንቀዋል። ባትሪው ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በብረት ከተነካኩ በአንድ ቅጽበት ብረት የሚያቀልጥ ኃይል ይለቃል። ስለዚህ ሥራ ሳንጀምር ቀለበታችንን፣ አምባራችንን፣ የአንገት ሐብላችንን አውልቀን ቦርሳ ውስጥ እናስቀምጣለን። የቁልፋችንን እጀታ በናስትሮ እንጠቀልላለን።

ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ቅርብ ነው። ለዋናው መስመር ለሊቲየም የሚመከረውን ክላስ ቲ ፊውዝ አስገባን፤ ኃይለኛ ጅረትን በእርግጥ የሚቆርጥ እሱ ነው። የገመድ ውፍረት ደግሞ በግምት አይደለም። ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር ከባትሪው ከ90 አምፔር በላይ ይስባል። ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ከዚያ ይነዳል። በዚህ አገር የገመድ ቁጥር ባነሰ መጠን ገመዱ ይወፍራል፤ ለኢንቨርተሩ ቁጥር 2 የመዳብ ገመድ በ125 አምፔር ፊውዝ ተጠቀምን።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ትሬይለር በመንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ የላላ ዳዶ ይብስ ይላላል፣ የላላው ይግላል። እያንዳንዱን ዳዶ በልኩ የሚያጠብቅ ቁልፍ ተጠቅመን አጠበቅን፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም አንድ በአንድ ፈተሽን።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ትሬይለሩ መንገድ ላይ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚይዘው መሣሪያ የሚሠራው ከዚሁ ባትሪ ነው። ባትሪ ስትለውጡ የእሱን ገመድ መልሳችሁ አገናኙ። ዋናው ማጥፊያ ሲጠፋም እሱ መጥፋት የለበትም።

ቡናችንስ?

ይህንን ጥያቄ እንደምታነሱ አውቀናል። የኤሌክትሪክ ማፍያ 1,500 ዋት ይፈልጋል፤ ኢንቨርተራችን አይችለውም። ትልቅ ኢንቨርተር ግዙ ያላችሁን እህቶች ሐሳብ ተወያይተንበታል። ለአንድ ጀበና ብሎ ገመዱንም ፊውዙንም ባትሪውንም ማሳደግ አዋጭ አልመሰለንም። ቡናው በጋዝ ምድጃው ይፈላል፣ ቆሎውና ቡናው ውጭ ይቆላል። ከሰል ግን በምንም ምክንያት ወደ ውስጥ አይገባም፤ በሩም መስኮቱም ቢከፈት አይገባም። ከጄኔሬተር የሸሸነው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከከሰልም ይወጣል። ዕጣን ሲጨስ የጢስ ጠቋሚው ይጮኻል፤ ባትሪውን አውጥቶ ዝም ማሰኘት ክልክል ነው። ዕጣኑን ወደ ውጭ አውጡ።

ለደጋፊዎቻችንና ለአባላት

ወጪው ከአባላት መዋጮና ከእናንተ ከደጋፊዎቻችን የተሸፈነ ነው። ደረሰኙ በሙሉ በገንዘብ ያዣችን መዝገብ ውስጥ አለ፤ ማየት ለሚፈልግ ክፍት ነው። አሮጌውን የእርሳስ ባትሪ ቆሻሻ ውስጥ አልጣልንም፤ እርሳሱና አሲዱ መርዝ ስለሆነ ለሚቀበለው የባትሪ ሱቅ አስረከብነው።

ከዕቃው በላይ የምንኮራበት ግን ሌላ ነው። ሥራውን አራት ቅዳሜ ከፋፍለን ስንሠራው መልቲሜትር በእጇ ይዛ የማታውቅ እህት ዛሬ ለሌላዋ ታስተምራለች። በዚህ አገር መብራት ሲበላሽ ሰው ጠርተን፣ ያለውን ዋጋ ሰምተን፣ ዝም ብለን ከፍለን ኖረናል። አሁን ቢያንስ ምን እንደምንጠይቅ እናውቃለን።

ከእንግዲህ ቁልፉን የምትወስድ ሁሉ ከመውጣቷ በፊት ከእኛ ጋር ግማሽ ሰዓት ትቆያለች። የባትሪ መቁጠሪያውን ማንበብ እናሳያታለን። የሊቲየም ቮልት ሊያልቅ እስኪቃረብ ብዙም ስለማይለወጥ፣ የገባውንና የወጣውን እንደ ገንዘብ ያዣችን የሚመዘግብ መሣሪያ አስገብተናል። ቁጥሩ 20 በመቶ ሲደርስ ማሞቂያና መተንፈሻ ብቻ ይቀራሉ፣ ሌላው ይጠፋል። ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ፣ መለዋወጫ ፊውዞቹ በየትኛው መሳቢያ እንዳሉም በእጇ ነክታ ታያለች።

ለቀጣዩ ዙር ሥልጠና ስድስት ቦታ አለን። ካቻቢቴ ይዞ መምጣት አያስፈልግም፤ ዕቃው ከእኛ ነው። ወርቃችሁን ግን እቤት አስቀምጣችሁ ኑ። መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።