ስለ ቁርጭምጭሚት ክፍት ስብራት
(የማኅበሩ ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም አንደኛ ደረጃ ላይ የቆመ መሆኑን ታውቃላችሁ። የምናገረው በገዛ እጄ ያጠፋሁትንና በኋላ ባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ የልስን ሠራተኛ፣ ከመወጣጫ እንጨት ላይ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። እግሩ ወደ ጎን ዞሮ፣ ቆዳው ተቀዶ አጥንቱ ይታይ ነበር። እኔ ደሙን አቆም ብዬ የተፈጨ ቡና ነሰነስኩበት፤ በሻሽም ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ «ወጌሻ ይጠራ»፣ «የለም ሐኪም ቤት ይሂድ» እየተባባልን አንድ ሰዓት ያህል አቃጠልን። ልጁ «ጣቶቼ ደነዘዙ» ሲል የሰማው አልነበረም። ያ ቡና ከቁስሉ የወጣው በኦፕራሲዮን ነው። እግሩ ተረፈ፤ ሥራውን ግን እስከ ዛሬ አልጀመረም።

እንግዲህ ክፍት ስብራት ለመባል የግድ አጥንቱ ወጥቶ መታየት የለበትም። ከስብራቱ አጠገብ ቆዳው ከተቀደደ፣ ቀዳዳዋ ትንሽ ብትሆንም፣ ክፍት ነው ብሎ መያዝ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ ቆዳው ስስ ነው፤ ሥጋም የለው፤ ቆሻሻው ቶሎ አጥንት ይደርሳል። አጥንት ከመረቀዘ ደግሞ ለወራት ያስተኛል፤ እግር እስከ ማስቆረጥም ይደርሳል።

ወጌሻዎቻችንን ልወቅስ አልተነሳሁም። ነገር ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ኦፕራሲዮንና መድኃኒት እነሱ ዘንድ የለም። ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ደም ታግዶ እግር የሞተበት ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ከሆነ መጀመሪያ ትንፋሹን፣ ራሱንና ጀርባውን እንይ፤ እግሩ ዓይን ስለሚስብ ሌላው ይረሳል። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፤ ደም ካለ በጨርቁ ላይ መጫን፣ የወጣውን አጥንት ግን አለመጫን። አጥንቱን ወደ ውስጥ መመለስ፣ ቡና፣ ቅቤ፣ አፈር ማድረግ ክልክል ነው። ከጉልበት በታች እስከ ውስጥ እግር ድረስ ትራስ ወይም ወፍራም ካርቶን ደግፎ፣ ባለበት ሁኔታ ላላ አድርጎ ማሰር። ጣቶቹ ይታዩ! ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ማላላት። ኦፕራሲዮን ሊገባ ስለሚችል ምግብም ውሃም አይሰጥ። የተጎዳበት ሰዓት ይጻፍ።

ሰዓቱ የሚያስፈልገው ለምንድነው? ቁስል እንዳይመረቅዝ የሚሰጠው መድኃኒት በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚበጀው። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም አለ። ኦፕራሲዮኑ ጥቂት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን አይቆይም። እግሩ የዞረና ጣቱ የገረጣ እንደሆነ ለተረኛው ወዲያው ንገሩ፤ ማስታገሻ ሰጥተው ራጅ ሳይጠብቁም ሊያቃኑት ይችላሉ። እኛ አናቃናም።

አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል ቁጥር 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። በክፍለ ከተማችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ አቤት ሆስፒታል ደግሞ በተለይ ለአደጋ የተቋቋመ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከደጃችን ስለሚነሳ አደጋው ከግንባታ ብቻ አይመጣም።

ስለዚህ ማኅበሩ አንድ ቃሬዛ፣ ፋሻና ንጹሕ ጨርቅ ገዝቶ እንዲያስቀምጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቁልፉ በእኔ ዘንድ ብቻ አይሁን፤ ሌሊት የሚወድቅ ሰው አለና አንዱ ለጥበቃው ይሰጥ።