ስለ ድመትና ስለ ግልገሎቿ አያያዝ
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ አጭር ንግግር)



ስለ ድመት ለመናገር መነሳታችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን በንፋስ መውጫ ገብሱንና ስንዴውን በጎታ ያስቀመጠ ሰው የአይጥን ጉዳት አሳምሮ ያውቀዋል። ድመት በሌለችበት ቤት ማን እንደሚፈነጭ አይጠፋንም። ሆኖም ግልገሎች ገና ሳይጠኑ ከእናታቸው ይነጠላሉ፤ በብርድም ይሞታሉ። ስለዚህ እናቲቱ ልጆቿን እንዴት እንደምታውቅና እንደምታሳድግ ባጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

ድመት የምታረግዘው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። ግልገሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸውም ጆሯቸውም የተዘጋ ነው፤ ዓይናቸው የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ታዲያ በምን ይተዋወቃሉ ቢባል፣ በጠረን ነው። ገና እንደወለደች ትልሳቸዋለች፤ ምላሷ ያደርቃቸዋል፣ ትንፋሻቸውን ያነቃቃል፣ የእሷንም ጠረን ያሲዛቸዋል። እነሱም ጡቷን በጠረን ፈልገው ያገኛሉ፤ ጥቂት ቀን ሲያልፍ ብዙዎቹ አንዱን ጡት የራሳቸው ያደርጉታል። ከማደሪያው የወጣ ግልገል ሲጮህ ደግሞ ድምፁን ሰምታ ትሮጣለች፤ ማጅራቱን በአፏ ይዛ ትመልሰዋለች።

እዚህ ላይ ከበግ ትለያለች። በግ የራሷን ግልገል ለይታ የሌላዋን በግንባሯ ትገፋለች። ድመት ግን ከልጆቿ መሐል ያገኘችውን የሌላ ድመት ልጅ ብዙ ጊዜ ታጠባለች። እናቱ የሞተችበት ግልገል ቢኖር እንግዲህ የምታጠባ ድመት ያለችበትን ቤት እንጠይቅ። በማደሪያዋ ጨርቅ አሸት አድርገን ብናስገባው ልትቀበለው ትችላለች። የላም ወተት ግን የጨቅላ ግልገል ሆድ ያበላሻል።

«ሰው ከነካቸው ትጥላቸዋለች» ሲባል እንሰማለን። ሰው የለመደች ድመት በመነካታቸው ብቻ አትጥላቸውም። ነገር ግን ልጆች በየሰዓቱ እያነሱ ካስቸገሯት ትሰጋና ወደ ሌላ ቦታ ታጉዛቸዋለች። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለው አገራችን፣ ሌሊት ደጅ የቀረ ጨቅላ ግልገል አለቀለት ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የገላቸውን ሙቀት ራሳቸው መጠበቅ አይችሉምና። እስከ 3 ሳምንት ገደማ እናቲቱ ካልላሰቻቸው ሽንታቸውን እንኳ በወጉ አይሸኑም።

ከ4 ሳምንት ገደማ ጀምሮ ትምህርቱ ይጀመራል። መጀመሪያ የሞተ አይጥ፣ ቆይታም በሕይወት ያለ ታመጣላቸዋለች፤ እሷን እያዩ ማደን ይማራሉ። ጡት የሚጥሉት በ8 ሳምንት ገደማ ነው። በ4 ሳምንቱ የተወሰደ ግልገል ይህ ሁሉ ይቀርበታል፤ አይጥ ያድንልኛል ብሎ የወሰደውም ሰው ያሰበውን ላያገኝ ይችላል።

ስለዚህ አደራ የምንለው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ግልገል የምንፈልግ ለባለቤቱ አስቀድመን እንንገር እንጂ 8 ሳምንት ሳይሞላው አንውሰድ።

ሁለተኛ፣ የወለደች ድመት ባለችበት አካባቢ የአይጥ መርዝ አናስቀምጥ። መርዝ የበላ አይጥ በልታ ብትሞት ግልገሎቹም አብረው ያልቃሉ።

ሦስተኛ፣ በዙብን ብለን በጆንያ ቋጥረን አንጣል፤ ፈላጊ እንጠይቅ።

አራተኛ፣ የወለደች ድመት ቁጡ ናትና ልጆች እንዲጠነቀቁ እንምከር። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

ድመት ደመወዝ የማትጠይቅ የጎታ ዘበኛ ናት። ተተኪውን ዘበኛ የምታሠለጥነውም እሷው ናትና 8 ሳምንቷን አንንፈጋት።