ፎቶግራፍን ከነምክንያቱ መሄስ

አቅራቢ አንድ፦ በአንኮበር ገደል አፋፍ የሚነሱ የጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶግራፎች ብዙ ጊዜ አንድ ፈተና ይገጥማቸዋል፤ በአፋር ቆላ በኩል ያለው ሰማይ እጅግ ብሩህ፣ የእንስሳው ፀጉር ደግሞ ጠቆር ያለ በመሆኑ፣ ካሜራው የብርሃኑን መጠን ለሰማዩ ሲመጥን ጭላዳው መልኩ የማይለይ ጥላ ሆኖ ይቀራል። «ድንቅ ነው» የሚል አስተያየት ይህን ለአንሺው አይነግረውም።

አቅራቢ ሁለት፦ እንዳይነገር የሚያደርገው በአመዛኙ ይሉኝታ፣ ማለትም ሰው እንዳይቀየም ሲባል የታየውን ጉድለት መሸፈን ነው። ይሁን እንጂ «አይረባም» ብሎ የሚያልፍም ከአወዳሹ የተሻለ አልሠራም። ሂስ ማለት ሥራው ምን ለማሳየት እንደታሰበ ለይቶ፣ የተሳካውንና ያልተሳካውን ከነምክንያቱ ማመልከት ነው፤ አንሺው ጭላዳውን ሆን ብሎ ጥላ አድርጎት ከሆነ የብርሃኑ ነቀፋ ቦታ ያጣል።

አቅራቢ አንድ፦ እንግዲያው ባለሥራው አስቀድሞ ዓላማውን መግለጽ፣ ሂሱ ሲቀርብም ለመከላከል ሳይቸኩል ማድመጥ ይጠበቅበታል፤ ይህ ሁለተኛው ከባዱ ነው።

አቅራቢ ሁለት፦ ለአገሩ ግን እንግዳ አይደለም፤ በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። በፎቶግራፍም፣ አይዳ ሙሉነህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ከዐውደ ርእይ ጎን ለጎን የፖርትፎሊዮ ግምገማ፣ ማለትም ባለሙያዎች የአንሺውን የተመረጡ ሥራዎች ከራሱ ጋር ተቀምጠው የሚመረምሩበት መድረክ አካሂዷል።

አቅራቢ አንድ፦ እንዲህ ያለ መድረክ ደብረ ብርሃን ላይም መጀመር ይቻላል፤ የከተማው ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ቢፈቅድ፣ አንሺዎችም ጥቂት ፎቶግራፎች አሳትመው ቢመጡ ይበቃል።