ሕፃናት እየተጫወቱ የእንግሊዝኛን ፊደል ይወቁ
(በሬዲዮ ለጀማሪ አንባቢዎች የተሰጠ ንግግር)

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጆቻችሁ ነው። እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። ደብዳቤም ማንበብ ጀምራችኋል። ልጃችሁ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሌላ ፊደል ይዞ ይመጣል። ይኸውም የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ወስኗል። ስለዚህ ብዙ ሕፃናት ሁለት ዓይነት ፊደል ባንድ ጊዜ ይማራሉ ማለት ነው።

ታዲያ አንዳንድ ወላጅ ምን ይላል? «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ልጄን በምን ልርዳው?» ይላል። ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አይደለም። ፊደል ምን እንደሆነ ካወቃችሁ ልትረዱት ትችላላችሁ። እንዴት? አብረን እንመልከት።

በመጀመሪያ የሁለቱን ፊደሎች ልዩነት እንወቅ። የእኛ ፊደል በተለምዶ 33 ነው ይባላል። እያንዳንዱ 7 መልክ ስላለው 231 ይሆናል። የእንግሊዝኛው 26 ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ነገር ግን እያንዳንዱ ትልቅና ትንሽ መልክ አለው። ስለዚህ ልጁ 52 መልክ መለየት አለበት።

ሌላም ልዩነት አለ። በእኛ ፊደል «በ» ስሙም «በ» ነው፤ ድምፁም «በ» ነው። በእንግሊዝኛ ግን የፊደሉ ስምና ድምፁ ይለያያሉ። «ኤች» የሚባለው ፊደል ድምፁ «ህ» ነው። «ደብልዩ» የሚባለው ድምፁ «ው» ነው። እንግዲህ ስሙን ብቻ የሸመደደ ልጅ ቃል ማንበብ ያቅተዋል።

አሁን ልጃችሁን ፈትኑት። ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» በዜማ ያወርደው ይሆናል። እናንተም ደስ ይላችኋል። ከዚያ መካከል ላይ አንዱን ፊደል በጣታችሁ ንኩና «ይህስ ማን ነው?» በሉት። ዝም ካለ፣ ወይም ከመጀመሪያው ጀምሮ ካልዘመረ የማይመልስ ከሆነ፣ ያወቀው ዜማውን ነው። ፊደሉን ገና አላወቀውም።

የጥንት የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ «ሀ ሁ ሂ»ን ከጨረሰ በኋላ «አቡጊዳ»ን ይቆጥራል። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ይላል። ፊደሉ ያው ነው፤ ተራው ግን ተለዋውጧል። በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ዓይኑን ገልጦ ማየት ግድ ይሆንበታል።

ጨዋታም ለእንግሊዝኛው ፊደል እንደ አቡጊዳ ያገለግላል። ተራውን ያፈርሳል። ልጁ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እንዲለይ ያደርገዋል። ደግሞም ልጅ ሲጫወት አይሰለችም፤ አይፈራም። አራት ጨዋታዎችን እንንገራችሁ። በክፍል ውስጥም፣ በደጃፍም ይሆናሉ። ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛው ሰኞ ማክሰኞ ነው። ልጆች መሬት ላይ ቤት ሠርተው በአንድ እግር የሚዘሉት ጨዋታ ነው። በየቤቱ አንድ አንድ ፊደል ይጻፍበት። ልጁ ቤቱን ሲረግጥ የፊደሉን ድምፅ ይናገር። ከተሳሳተ ተራው ያልፋል። በማግስቱ ፊደሎቹ ቤት ይቀያየሩ።

ሁለተኛው የቆርኪ ጨዋታ ነው። የለስላሳ ቆርኪዎች ሰብስቡ። በውስጣቸው ፊደል የተጻፈበት ወረቀት ለጥፉ። ትልቁ መልክ በአንድ ቆርኪ፣ ትንሹ መልክ በሌላ ቆርኪ ይሁን። ከዚያ ሁሉንም ገልብጧቸው። ልጁ ሁለት ሁለት እየገለጠ ትልቁን ከትንሹ ያጋባ። ያጋባውን ይወስዳል፤ ካልተጋቡ መልሶ ይከድናል። በ5 ፊደል፣ ማለትም በ10 ቆርኪ ጀምሩ። 52ቱን ባንድ ቀን አታምጡበት።

ሦስተኛው እንቆቅልሽ ነው። እኅት ወንድሟን «እንቆቅልህ!» ትለዋለች። እሱም «ምን አውቅልሽ!» ይላል። «እንደ እንጀራ ክብ ነኝ፤ መግቢያም መውጫም የለኝም» ትለዋለች። መልሱ «ኦ» ነው። ቀጥላ «እንደ እባብ እጠማዘዛለሁ፤ ድምፄም እንደ እባብ ስስስ ይላል» ትላለች። መልሱ «ኤስ» ነው። ካላወቀ አገር ይሰጣታል፤ ከዚያ ፊደሉን መሬት ላይ ጽፋ ታሳየዋለች። ልጆች ራሳቸው አዲስ እንቆቅልሽ ይፍጠሩ። እንቆቅልሽ የሚፈጥር ልጅ የፊደሉን መልክ አጥብቆ ያያል።

አራተኛው ፊደል መሆን ነው። ይህ ለክፍል የተመቸ ነው። ሦስት ልጆች ፊደል የተጻፈበት ካርቶን ይዘው ይቁሙ። አንዱ «ሲ»፣ አንዱ «ኤ»፣ አንዱ «ቲ» ይሁን። አቋቋማቸው ለሚያየው ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ሲነበብ «ካት» ይሆናል፤ ድመት ማለት ነው። አሁን «ሲ» ይቀመጥና በቦታው «አር» ይቁም። ድመቷ ሄዳ «ራት» መጣ። እኛ ራት ስንል የማታ ምግብ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አይጥ ነው! «አር» ተቀምጦ «ቢ» ሲቆም ደግሞ «ባት» ይሆናል። የእኛ ባት እግራችን ላይ ነው፤ የእነሱ ግን የሌሊት ወፍ ነው። ድምፁ በትክክል አንድ ባይሆንም ይቀራረባል። ልጆቹ ይስቃሉ። እየሳቁም ትልቁን ቁም ነገር ይይዛሉ። አንድ ፊደል ሲለወጥ ቃሉ ይለወጣል!

እዚህ ላይ አደራ የምንላችሁ ነገር አለ። ብዙ ልጆች ትንሹን «ቢ» ከትንሹ «ዲ» ጋር ያምታታሉ። ወላጅም «ስንቴ ልንገርህ!» ብሎ ይቆጣል፤ አንዳንዱም ይመታል። እስቲ እናስብ። ሲኒ እጀታዋ ወደ ግራም ዞረ ወደ ቀኝ ያው ሲኒ ናት። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ትንሹ «ቢ» ግን ፊቱን ሲያዞር «ዲ» ይሆናል። ወደ ታች ሲገለበጥ «ፒ» ይሆናል። ይህ ለልጁ እንግዳ ነገር ነው። ስለዚህ ስንፍና አይደለም፤ ድንቁርናም አይደለም። እናንተስ ፊደል ስትጀምሩ «ለ»ን ከ«ሰ» ጋር አላምታታችሁም?

ለዚህም መላ አለ። ልጁ ሁለት እጆቹን ጨብጦ፣ አውራ ጣቶቹን ወደ ላይ ያቁም። የጣቶቹን አንጓዎች እርስ በርስ ያጋጥም። ግራ እጁ «ቢ»ን፣ ቀኝ እጁ «ዲ»ን ይመስላል። በተጠራጠረ ቁጥር እጁን ያይና ያስታውሳል። እጁ ደግሞ ሁልጊዜ ከእሱ ጋር ነው።

እናንተ የማታውቁት ፊደል ሲገጥማችሁ አትፈሩ። ከልጁ መጽሐፍ ጋር አመሳክሩ። ድምፁን መምህሩን ጠይቁ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ልጁን «እስቲ አንተ አስተምረኝ» ማለት ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ወጣት ተማሪዎች አባቶችንና እናቶችን ፊደል አስቆጥረዋል። ከልጅ መማር ያኔ ነውር አልነበረም፤ ዛሬም ነውር አይደለም። የሚያስተምር ልጅ የተማረውን አይረሳም። እናንተም ባንድ ድካም ሁለት ታተርፋላችሁ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ልጃችሁ ከተማራቸው ፊደሎች ሦስቱን ብቻ ምረጡ። ደጃፍ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሥሩ። ልጁ ሲዘል ድምፃቸውን ስሙ። ከቻላችሁ እናንተም ዝለሉ!

በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ፣ ደኅና ሁኑ።